የሕንፃው ሚዛን፦ በመሐል ከተማ የሚነሡ ሕንፃዎችና የዳር አጥቢያዎቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዱከም በማገለግልበት አጥቢያ በአንድ ሰንበት ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲሰናበት፣ አንዲት እናት የጸበል ዕቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መልካቸው ለእኔ አዲስ ነበረና ቀርቤ እጅ ነሣሁ። ልጃቸው በከተማችን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራለች፤ እርሷን ሊጠይቁ መጥተው ነው። «እማማ፣ አጥቢያዎ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልስ ለመስጠት ዘገዩ። «ዑራኤል ነበር፤ አሁንማ እንጃ ልጄ» አሉኝ።

እኒህ እናት በካሳንችስ ከዐርባ ዓመት በላይ ኖረው፣ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ወደ ገላን የተዛወሩ ናቸው። ስለ አዲሱ ቤታቸው ስጠይቃቸው አላማረሩም። «ቤቱስ ቤት ነው፤ መጸዳጃው የራሴ፣ ግድግዳው የጸዳ። ያጣሁት ጎረቤት ነው» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሠላሳ ዓመት ዕድር ከፍያለሁ። አሁን ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ በመሐል አዲስ አበባ የሚነሡትን መኖሪያና ገበያን በአንድነት የያዙ ታላላቅ ሕንፃዎች በእኒህ እናት ጥያቄ እንመዝናቸዋለን። አንዳንዶቻችን ሕንፃውን በቁመቱና በመስታወቱ፣ ሌሎቻችን በካሬ ሜትር ዋጋው፣ የቀረነውም በናፍቆት ብቻ እንመዝነዋለን። ክርስቲያን ግን አንድ ተጨማሪ ሚዛን ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ሕንፃ ማንን ከማን ጋር ያጎራብታል? ማንንስ ከማን ይለያል?

ከለገሃር እስከ ዱከም

ጉዳዩን በአንድ የታወቀ ምሳሌ እንጀምር። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በለገሃር በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ዙሪያ በ36 ሄክታር ላይ የሚያርፍ ሰፊ የግንባታ ሥራ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። አልሚው ኤግል ሂልስ የተባለ መቀመጫውን አቡ ዳቢ ያደረገ ኩባንያ ሲሆን፣ ወጪው 50 ቢሊዮን ብር እንደሚሆን በወቅቱ ተነግሯል። በዕቅዱ መኖሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ ቢሮዎችና የገበያ ማዕከል በአንድ መንደር ይገኛሉ። በከተማ ፕላን ባለሙያዎች ቋንቋ ይህ «ቅይጥ አገልግሎት» ይባላል፤ ሰው ከሚኖርበት ሕንፃ ሳይርቅ የሚገበይበትና የሚሠራበት ማለት ነው። በዚያ ዕለት ነባሩ የጣቢያ ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅና የአካባቢው ነዋሪዎችም ሳይርቁ በዚያው ቤት እንደሚሠራላቸው ተገልጾ ነበር። ይህን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለገሃር ለእኛ ለዱከም ሰዎች እንግዳ ስም አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በዱከምና በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ከመሐል ከተማ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንርቅም፣ በመዲናዪቱ የሚሆነው ነገር በዚያው መስመር ወደ እኛ ይደርሳል። ቀድሞ በባቡር ሰውና ዕቃ ይመጣ ነበር። ዛሬ ከመሐል ከተማ የተነሣ ሰው በዚሁ አቅጣጫ ወደ አቃቂ፣ ወደ ገላን፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ይወጣል፤ በዚያም የኪራይ ቤት የተወደደበት ደግሞ ወደ ዱከም ይቀጥላል።

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በካሳንችስ የተደረገውን ሁላችንም አይተናል። ፒያሳ ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ የተሰበሰበ የንግድና የመኖሪያ ሰፈር ነበረ። ካሳንችስም ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። በሁለቱም ስፍራ መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛ መሄጃው አምሯል፤ በፈረሰው ስፍራም ለረጃጅም ሕንፃዎች የሚሆን ቦታ ተዘጋጅቷል። ነዋሪው ግን ወደ ዳር ወጥቷል።

በሚዛኑ አንድ ወገን

ሚዛን በሁለት ወገን ይመዝናልና በመጀመሪያ በጎውን በታማኝነት እንናገር። የመሐል ከተማ ቤቶች የነበሩበትን ሁኔታ ያላየ ሰው ብቻ ነው «ሳይነኩ ይኑሩ» የሚለው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ፣ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ስለ ነበረ ድኃው መጠለያ አገኘ፤ ነገር ግን በጥቂት ብር የሚከራይ ቤትን የሚያድስ አልተገኘም። ጭቃው እየተሸረፈ፣ ቆርቆሮው እየዛገ ዐሥርተ ዓመታት አለፉ። ለንስሓ ልጆቻቸው ጠበል ሊረጩ የሚገቡ ካህናት ያውቁታል፤ ብዙ አባወራ አንድ መጸዳጃ የሚጋራበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሕፃናት በእርጥበት የሚታመሙበት፣ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ግቢ ጥቂት አልነበረም። ድህነትን ከሩቅ ሆኖ ማሞገስ ክርስትና አይደለም።

መኖሪያንና ሱቅን በአንድ ሕንፃ ማኖርም በራሱ ክፉ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። የጥንቱ ፒያሳ ነጋዴዎች፣ አርመኑም ግሪኩም ሕንዱም የአገሬውም ሰው፣ ከታች ሱቃቸውን ከፍተው ከላይ በባለ ሰገነቱ የእንጨት ቤት ይኖሩ ነበር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በስፋት የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታም ምድር ቤቱን ለሱቅ፣ ከላይ ያለውን ለመኖሪያ አድርጓል። እናት ዘይትና ጨው ለመግዛት ታክሲ የማትይዝበት፣ አባት ከሥራው በእግሩ የሚመለስበት ከተማ ጊዜንና ገንዘብን ያተርፋል። ለቤተ ሰብና ለጸሎት የሚሆን ሰዓትም ይገኝበታል። ሕዝቡ በየጊዜው በሚጨምርባት ከተማ ወደ ላይ መሥራትም የገበሬውን እርሻ ያድናል። ወደ ጎን ብቻ የምትሰፋ ከተማ የዱከምንና የሰበታን፣ የሱሉልታንና የቡራዩን ማሳ ትበላለችና።

እንግዲህ ቅይጡን ሕንፃ የምንመዝነው በውስጡ የተቀየጠው ምን እንደ ሆነ በማየት ነው። ሱቅና መኖሪያ ተቀይጠው ባለጸጋና ድኃ ከተለያዩ ግማሽ ቅይጥ ብቻ ነው የሆነው።

በሌላው ወገን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰፈሮቿ በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የተሰበሰቡ ነበሩ። ራስ መኮንን፣ ራስ ተሰማ፣ ደጃች ውቤ እያልን የምንጠራቸው ሰፈሮች የዚያ ምስክሮች ናቸው። የጌታው አዳራሽና የሎሌው ጎጆ በአንድ አጥር አጠገብ ስለ ነበሩ በአንድ ደብር ያስቀድሱ፣ በአንድ መካነ መቃብር ያርፉ ነበር። ያ ሥርዓት ፍትሕ የተሞላ ነበር አንልም፤ ጭቆናም ነበረበት። ነገር ግን ከእርሱ አንድ መልካም ነገር ቀርቶልን ነበር፤ በአዲስ አበባ የሀብታም ከተማና የድኃ ከተማ በግንብ አልተለያዩም። የዶክተሩም የጉልት ነጋዴዋም ልጅ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምሩ ነበር። አንዱ ሲያዝን ሌላው የሚያየው በመንገዱ ላይ ስለ ነበረ ነው።

መሐሉ ለሚችል ብቻ፣ ዳሩ ለማይችል ሲሆን ይህ ይቀራል። ሱቁም እንዲሁ ነው። በኮንዶሚኒየሞች ሥር ያሉት የንግድ ቤቶች የተሸጡት በጨረታ፣ ከፍተኛውን ዋጋ ለሰጠ ነው። በቀድሞው ሰፈር በር ላይ አምባሻ ጋግራ፣ ሻይ አፍልታ ልጆቿን ያሳደገች እናት በጨረታ አትወዳደርም። የእርሷ ሥራ የተመሠረተው በሚያውቋት ደንበኞችና በዱቤ ደብተር ላይ ነው። ጉልቷም የአርከበ ሱቋም አብሯት አይሄድም። በአዲሱ ስፍራ የተሻለ ግድግዳ ታገኛለች፤ የሚገዛት ግን አታገኝም።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም፤ የአገሪቱ ሕግም ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የተሻሻለው የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለቤትና ለንብረት ከሚከፈለው ካሳ ሌላ፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቡና ጉዳት የሚሰጥ ካሳን በስም ለይቶ ደንግጓል። ሕግ አውጪው በዚህ ጎረቤት ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን፣ መጥፋቱም ጉዳት መሆኑን አምኗል። ሌላም ጠቃሚ ነገር በዚያው ዐዋጅ አለ፤ መልሶ በሚለማ ስፍራ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ሆነው ቦታቸውን ለማልማት ቅድሚያ አላቸው። ስንቱ ምእመን ይህን መብቱን ያውቃል? ስንቱ ሰበካ ጉባኤስ ለምእመናኑ አስረድቷል? በለገሃር የተሰማው «በዚያው ቤት ይሠራላቸዋል» የሚለው ቃልም በዚሁ መንፈስ የሚታይ ነው። ማልማትና ማጎራበት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ያመነ ቃል ነውና። እንግዲህ እያንዳንዱ አዲስ ዕቅድ ሲታወጅ ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ስንቶቹ በዚያው ስፍራ ይመለሳሉ?

መጻሕፍት አምላካውያንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 ለብቻቸው በምድር ላይ እስኪቀሩ ድረስ ቤትን ከቤት፣ እርሻን ከእርሻ እያያያዙ የሚሰበስቡትን ገሥጿል። ተግሣጹ ቤት መሥራት ላይ ሳይሆን ሌላውን ባለማስቀረት ላይ እንደ ሆነ ልብ እንበል። ነቢዩ ዘካርያስ ደግሞ በምዕራፍ 8 የታደሰችዋን ኢየሩሳሌም ሲያሳየን፣ ከዕድሜ ብዛት በትር የያዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በአደባባይዋ ተቀምጠው፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆችም በጎዳናዋ ሲጫወቱ ነው። እግዚአብሔር የከተማን መታደስ ሲገልጥ የገለጠው አረጋዊውና ሕፃኑ በአንድ ጎዳና በመታየታቸው ነው። እኛም አዲሱን ሕንፃ ስናይ በሥሩ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉን? ብለን እንጠይቅ።

ገበሬውም ጎረቤት ነው

በዳር ያለን ሰዎች አንድ ነገር መደበቅ የለብንም። ከመሐል ከተማ የተነሣው ሰው የሚሰፍርበት ዳር ባዶ መሬት አልነበረም። ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት፣ ገበሬ የሚኖርበት፣ ለመቶ ዓመታት የቆዩ አጥቢያዎች ያሉበት ነው። ዱከምን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ከመዲናዪቱ ጋር ሊያቀናጅ የታሰበው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቅ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የብዙዎች ሕይወት ካለፈ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙን እናስታውሳለን። በ2011 ዓ.ም. በኮዬ ፈጬ የተሠሩ ቤቶች ለዕድለኞች በዕጣ ሲወጡም ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። በአንድ ወገን ለዓመታት ቆጥቦ ቤት የጠበቀ የከተማ ሰው፣ በሌላ ወገን መሬቱን በጥቂት ካሳ የለቀቀ የገበሬ ልጅ ቆመው ነበር። ሁለቱም እውነተኛ ችግር ነበረባቸው። ሁለቱም ከአንድ የምሥጢር ማዕድ ይቀርቡ እንደ ነበርም እናውቃለን።

በዱከም ይህን በየዕለቱ እናየዋለን። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከተመሠረተ ወዲህ፣ በተለይም ትላልቅ የጫማና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከገቡ በኋላ፣ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች በጠባብ ክፍሎች ተከራይተው ይኖራሉ። በዚያው አጥቢያ መሬቱ ለፋብሪካ የሄደበት አረጋዊ ገበሬም ያስቀድሳል። አሁን ደግሞ ከመሐል አዲስ አበባ የተነሡ ቤተ ሰቦች ተጨምረዋል። ሦስት ዓይነት ከቦታው የተነቀለ ሰው በአንድ ቅጽር ይቆማል። ስብከቱ በአንድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ግማሹ ሳይሰማ ይመለሳል፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ማስተማር ዛሬ የእረኝነት ግዴታ ነው። ቀድሞ የነበረው መጤውን «ቦታዬን ሊወስድ የመጣ» ብሎ፣ መጤውም ነባሩን «የማይቀበለኝ» ብሎ ካየው፣ ከተማው የለያየውን ቤተ ክርስቲያንም አላጎራበተችም ማለት ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ሲንጋፖር ሕዝቧን ከቆርቆሮና ከእንጨት ቤቶች አንሥታ በረጃጅም ሕንፃዎች ካሰፈረች ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ዛሬ ከ10 ነዋሪዎቿ 8 ያህሉ መንግሥት በሠራቸው አፓርትመንቶች ይኖራሉ። በዚያ አገር የተማሩት አንድ ብልሃት አለ። የብዙዎቹን ሕንፃዎች ምድር ቤት ሱቅ ከማድረግ ይልቅ ክፍት አድርገው ተዉት። በዚያ ክፍት ስፍራ ሰው ሠርጉን ይደግሳል፤ ሰው ሲሞትበትም ለቀስተኛውን ይቀበላል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ። ኪራይ የማያስገባ ስፍራ ጎረቤትን ያፈራል።

በእኛም ኮንዶሚኒየሞች እንዲህ ያለ ሐሳብ ነበር። ለበዓል እርድ፣ ለድግስ፣ ለልብስ እጥበት ተብለው የተሠሩ የጋራ ቤቶች በየቅጥሩ አሉ። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ለግለሰብ ተከራይተው ወይም ተቆልፈው ይታያሉ። ድንኳን መትከያ አጥቶ በመኪና ማቆሚያ መካከል የተለቀሰበትን ለቅሶ ያላየ ዲያቆን ያለ አይመስለኝም። በአዲሶቹ ረጃጅም ሕንፃዎች ደግሞ ይህ እንኳ አይታሰብም። በመሐል ከተማ አፓርትመንት የምትገዙ ምእመናን፣ የመዋኛ ገንዳና የመኪና ማቆሚያ እንዳለው እንደምትጠይቁ ሁሉ፣ «ሰው ቢሞትብን አስከሬኑ በየት ይወርዳል? ለቀስተኛውስ የት ይቀመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያስቅ ጥያቄ ቢመስልም ሕንፃው ለሰው መሠራት አለመሠራቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የራሳችን ሕንፃዎች

ሌላውን ከመምከራችን በፊት ወደ ራሳችን እንመልከት። ቤተ ክርስቲያናችን በ1967ቱ ዐዋጆች መሬቷንና የሚከራዩ ቤቶቿን ካጣች በኋላ፣ የካህናት ደመወዝና የአብነት ትምህርት ቤት ቀለብ የሚገኝበት ሌላ መንገድ መፈለጓ ግድ ነበር። ስለዚህ በብዙ አድባራት ዙሪያ ሱቆችና ፎቆች ተሠርተዋል። ይህ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ዳዊት የሚደግመው የቆሎ ተማሪ በአየር አይኖርም። ዳሩ ግን እኛም የቅይጥ ሕንፃ ባለቤቶች ሆነናልና ሌላውን በምንመዝንበት ሚዛን እንመዘናለን። ሱቃችንን ለከፍተኛ ዋጋ ሰጪ ብቻ ስናከራይ፣ ከደጃችን ጧፍና ዕጣን ስትሸጥ የኖረችውን መበለት ማን አስቀራት? ከፎቁ አንድ ክፍል ለአረጋውያን፣ አንድ ክፍል ለዕድር መሰብሰቢያ፣ አንድ ክፍል ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች ማሠልጠኛ ብንተው ምን ይጎድልብናል?

አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰጠን አርአያ አለ። የቂሳርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ ከከተማው ውጭ ለድኆች፣ ለሕሙማን፣ ለለምጻሞችና ለእንግዶች መጠለያ የሆነ ሰፊ የሕንፃ ስብስብ ሠርቶ ነበር። ሐኪሙም፣ የእጅ ሥራ የሚማረውም፣ የሚጸልየውም በአንድ ቅጽር ይገኙ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቅይጥ ሕንፃን ከማንም በፊት ታውቀው ነበር፤ የቀየጠችው ግን የተራበውን ከሚያበላው ጋር ነው።

ምን እናድርግ?

የከተማ ፕላን የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ እኛ የፕላን ባለሙያዎች አይደለንም። ነገር ግን በእጃችን ያለ ሥራ አለ፤ ይህንም ማንም አይከለክለንም።

በመጀመሪያ፣ ነዋሪዎቿ የሚነሡባት አጥቢያ መዝገቧን ታዘጋጅ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ እያንዳንዱ ምእመን በሰበካው እንዲመዘገብ ያዛል። ይህ መዝገብ የአስተዋጽኦ መሰብሰቢያ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ሰፈሩ እንደሚነሣ ሲሰማ ሰበካ ጉባኤው ማን ወዴት እንደሚሄድ ጽፎ፣ ለተቀባዩ አጥቢያ ሸኚ ደብዳቤ ቢልክ፣ «አጥቢያዎ የት ነው?» ሲባል «እንጃ» የሚል እናት አይኖርም። የንስሓ አባትም ልጆቹን በስልክ ቁጥራቸው ሳይቀር ይዞ ለሚቀጥለው አባት በአደራ ያስረክብ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ተቀባይዋ አጥቢያ ትውጣና ትቀበል። አዲስ ነዋሪ ወደ ቤተ ክርስቲያን እስኪመጣ አንጠብቅ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው በየሕንፃው ደጅ ያንኳኩ፤ የቅዳሴውን ሰዓት፣ የክብረ በዓሉን ቀን፣ የካህኑን ስም ይናገሩ። ደረጃ መውጣት ያቃታቸውን አረጋውያን ይመዝግቡ፤ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት በሌለው ሕንፃ የሚኖሩ፣ ከቅዱስ ቍርባን የራቁ አረጋውያን አሉና።

በሦስተኛ ደረጃ የዕድሩን ነገር እናስብ። ነባር ዕድሮች አዲስ አባል ሲገባ አባላቱ እስካሁን ያጠራቀሙትን ያህል መግቢያ ይጠይቃሉ። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው፤ ድንኳኑም ሣህኑም የተገዛው በነባሮቹ ገንዘብ ነውና። ለተነሡ ሰዎች ግን መግቢያው በዓመታት ተከፋፍሎ እንዲከፈል፣ የቀድሞው ዕድርም የአባሉን ድርሻ አስልቶ እንዲሰጠው ሽማግሌዎችና ካህናት ማስማማት ይችላሉ። ብር ባይገኝ እንኳ ቀብር የሚሸኝ ሰው ይገኛል። ሙታንን መቅበር ጦቢት ሕይወቱን ለአደጋ ያጋለጠበት ምግባር መሆኑን አንርሳ።

በአራተኛ ደረጃ፣ በመሐል ከተማ አዲስ ቤት የገዛችሁ፣ በተለይም በውጭ አገር ሆናችሁ የገዛችሁ ወገኖች፣ ቤታችሁን በተረከባችሁ ጊዜ በዚያ አጥቢያ ተመዝገቡ። ነዋሪዋ የተነሣባት ደብር ካህናትና ታቦት ይዛ፣ ነገር ግን በኪዳን ሰዓት የሚቆምባት ሰው አጥታ እንዳትቀር እናንተ ምእመኖቿ ናችሁ። በጸበል ዕለት ብቻ የሚታይ መኪና ሳይሆን ስሙ የሚታወቅ ጎረቤት ሁኑ። ዑራኤልን፣ እስጢፋኖስን፣ ጊዮርጊስን ከተነሡት እጅ የተረከባችሁት እናንተ ናችሁና፣ በዳር ያለውን አጥቢያ መደገፍም የእናንተ ድርሻ ነው።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲያሰላ አስተምሮናል። እስካሁን በከተሞቻችን የሚሰላው ሲሚንቶው፣ ብረቱና የምንዛሬው ዋጋ ነው። የጎረቤት ዋጋ ግን ከሒሳቡ ወጥቶ ሊቀር አይገባም።

ያችን እናት በዚያ ሰንበት ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ወስጄ፣ ለሚኖሩበት አካባቢ አጥቢያ አስተዳዳሪ ስልክ ደወልንላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ልጃቸውን በፋብሪካው ሰርቪስ መውረጃ አገኘኋትና ስለ እናቷ ጠየቅኋት። በአዲሱ አጥቢያ የእናቶች ጽዋ ማኅበር ገብተው ወራቸውን እየጠበቁ እንደ ሆነ ነገረችኝ። በወሩ 22 ቀን ግን አሁንም ሁለት ታክሲ ተሳፍረው ወደ ዑራኤል እንደሚሄዱ ጨመረችልኝ። ይሂዱ፤ ማንም አይከልክላቸው። ሁለት ደብር ያለው ሰው ድኃ አይደለም።

አምላካችን የሚሠሩትን እጆች ይባርክልን፤ የተነሡትን ያጽናናልን፤ የሚቀበሉትንም ልብ ያስፋልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።